ሚስማር ላይ የሰቀልኩት የአቧራ መለኪያ

ለእናቴ ልጅ፣ እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፦

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ደጅሽን ያንኳኳ። እንደምን ነሽ? ያ የወገብሽ ነገር እንዴት ሆነ? ብርዱስ ጠናብሽ? አባታችን ጋሼስ እንዴት ናቸው፣ ሳሉ ቀነሰላቸው ወይስ አሁንም ትራስ ደራርበው ተቀምጠው ነው የሚተኙት? ልጆቹስ? ትልቋ ፈተናዋን አለፈች? እኔ ለሥጋዬ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ያልሆነው ሌላው ነው። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ስጽፍልሽ፣ ከማዕድን ማውጫው ቡድኖች ሁሉ ንጹህ አየር የተገኘው በእኛ ዋሻ ነው፣ ስማችን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ ኃላፊው በሰው ፊት እጄን ጨበጠኝ ብዬሽ ነበር። አንቺም ደስ ብሎሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አነበብሽው አሉ። እታለም፣ መጨበጡንስ ጨብጦኛል፤ የጨበጠው ግን የቀጣፊ እጅ ነው። እባክሽ ይሄኛውንም አንብቢላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሦስት ወሩ አየራችንን የምትመረምር ሴት ትመጣለች፤ «የአቧራዋ እመቤት» ነው የምንላት። ከሲጋራ ፓኮ ብዙም የማትበልጥ፣ አየር የምትስብ ማሽን አለቻት። ቱቦዋ ደረት ላይ ይያያዛል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ማጣሪያ አለ። አንድ ሠራተኛ ፈረቃውን ሙሉ ታጥቋት ይውላል፤ እሱ የሳበውን እሷም ትስባለች። አቧራው ከልኩ ካለፈ ዋሻው ተዘግቶ ጥገና ይገባል። አቧራውን የሚያጠፉልን የውሃ መርጫዎች ግማሾቹ ስለተደፈኑ እንደምንወድቅ አውቄ ነበር። ግን የቡድን መሪ ከሆንኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር፤ ከጎረቤት ዋሻ ቡድን ጋር ደግሞ ማን ቀድሞ ይቆፍራል እየተባባልን እልህ ተጋብተናል። እኔ ልታጠቃት ብዬ ተቀበልኳትና፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ከፎጣዬ ሥር ሚስማር ላይ ሰቅያት ወረድኩ። ስወጣ መልሼ ደረቴ ላይ አሰርኳት።

በዚህ ቢያበቃ በስንት ጣዕሙ። ውጤቱ ንጹህ ሲሆን ጊዜ መሐንዲሶቹ ይሄ ዋሻ ውሃ አያስፈልገውም አሉና ደህናዎቹን መርጫዎች ነቅለው ለሌላ ዋሻ ወሰዱ። ሲነቅሉ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በደረቁ ሰረሰርን። መሰርሰሪያው ድንጋዩን ሲነካ ወፍጮ ቤት የገባሽ ይመስልሻል፤ ባልንጀራሽን የምትለዪው በጥርሱ ነው።

መሰርሰሪያውን አብሮኝ የሚይዘውን ሰው «ፉጨት» እንለዋለን፣ ሲገባም ሲወጣም ስለሚያፏጭ። ፉጨቱ መሃል ላይ ይቆረጥበት ጀመር። ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ ይተነፍሳል። ሰዎቹ አረጀህ እያሉ ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ። ጋሼን ድንጋይ መጥረብ ምን እንዳደረጋቸው እያየሁ ያደግሁ፣ ደረጃ ላይ የሚቆም ሰው ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉም በላይ የማውቅ እኔ፣ አብሬ ሳቅሁ እታለም። ራጅ ሲነሣ ሳንባው ጠባሳ ይዞ ተገኘ። ሐኪሙ የዓመታት ክምችት ነው፣ የቅርቡ ወራት ግን አባብሰውታል፣ የተጎዳውም አይመለስም ብሎታል።

እመቤቷ ተመልሳ ስትመጣ እኔን ብቻ ለይታ ጠራችኝና የድሮውን ማጣሪያ በማጉያ መነጽር አሳየችኝ። «ይሄ ድንጋይ የሚባል አልቀመሰም፤ ያለበት የፎጣ ክር ነው» አለችኝ። አልጮኸችም። «ለእኔ ብትዋሸኝ እኔ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። ለሚወርዱት ግን ማን እንደሚነግራቸው አንተ ታውቃለህ» ብላ ቦርሳዋን ዘጋች። መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ አልኩ፤ በየቀኑ ለምትውጠው ሰው ደግሞ ይሄ ምን ቅጣት ነው!

በማግስቱ ፈረቃ ሲቀየር፣ ሰዎቹ ቦት ጫማቸውን እያወለቁ ሳለ፣ ቆሜ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንዱ ጓንቱን ደረቴ ላይ ወረወረው። ድጋፍ እንጨት የሚያቆሙት አዛውንት «አለቃ የሚዋሸን አንሶ አንተ ትጨመርበት?» አሉኝ። ፉጨት የጫማውን ክር ቀስ ብሎ አስሮ ወጣ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሁላችንም ተያይዘን ኃላፊው ዘንድ ሄድን። ዋሻው ዘጠኝ ቀን ተዘጋ። መርጫዎቹ ተመለሱ፣ የአየር ማስወጫው ታደሰ፤ አሁን ድንጋዩ ሳይረጥብ ማንም መሰርሰሪያ አያስነሣም። መሪነቱ ከእኔ ተወስዷል፣ ይገባኛል። ጠዋት ጠዋት ቀድሜ ወርጄ መርጫዎቹን በሽቦ የምጠርግ እኔ ነኝ። ፉጨት ከላይ መብራት ማደያው ክፍል ተመድቧል። የራስ መብራቴን ሲሰጠኝ አያየኝም ነበር። ትናንት ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ አፍ አወጣልኝ፤ ውሃውን አየኸው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። «ሂድና ደግመህ እየው» አለኝ። ሄጄ ደግሜ አየሁት።

በይ እንግዲህ፣ ለትልቋ ልጅሽ፣ የሌላ ሰው ወረቀት እንዳትገለብጥ አጎትሽ ብሏል በያት፤ ምክሩ ከማን እንደመጣ ስታውቅ ትስቅ ይሆናል። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ሁለቱንም እኩል፣ አለዚያ ይጣላሉ። አክስታችንን ጆሯቸው ቢከብድም ጮክ ብለሽ ሰላም በይልኝ። ለጋሼ ግን ምን ብዬ ሰላምታ እንደምልክ ቸገረኝ። ሳሉ ሲጠናባቸው ጀርባቸውን አሽላቸው የነበረው እኔ ነኝ፤ ማሽኗንም የሰቀልኳት በዚያው እጄ ነው። ይቅር ካሉኝ ጻፊልኝ። ካላሉኝም ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሦስተኛው ጉድጓድ፣ ከሠራተኞች መኖሪያ
ኅዳር 9 ቀን