የእማዬና የአዴ ሙሚና ግድግዳ

ውድ ሀሴት፣

ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ ደህና መሆንሽን በየቀኑ ፌስቡክ ላይ አያለሁ። ትናንት ከእናቴ ጋር የተነሳሽውን ፎቶ ለጥፈሽ «የአሰላዋ እናቴ» ብለሽ ጽፈሽበታል። ሰው ሁሉ ልብ ደርድሮልሻል። እኔም ልስጥ አልስጥ እያልኩ ስልኬን ይዤ ስቀመጥ ሻዬ ቀዘቀዘ። አልሰጠሁም። ቀንቻለሁ፤ ይኸው በግልጽ ጻፍኩልሽ።

አንቺ ነገሩን በራስሽ በኩል ታስታውሺው ይሆናል። በእኔ በኩል እንዲህ ነበር። ዐውደ ርእዩ የኔ ሐሳብ ነው። እናቴ የምትኖርበት የቀበሌ ቤቶች ረድፍ ሊፈርስ፣ ነዋሪውም ከከተማው ዳር ወደሚሠሩት ፎቆች ሊዛወር መሆኑን ስሰማ፣ «ባለሥልጣኑም ነዋሪውም አንድ አዳራሽ ውስጥ ገብተው የሚነጋገሩበት ነገር እናዘጋጅ» ብዬ የደወልኩልሽ እኔ ነኝ። አዳማ አርክቴክቸር ስንማር ከሁላችንም ሰው የሚቀርብሽ አንቺ ነበርሽ፤ ለዚያ ነው የጠራሁሽ። እኔ እንደምታውቂኝ እርሳስ ካልያዝኩ አፌ አይፈታም።

መጣሽ። ሆቴል ልያዝልሽ ስል «እዚያው ሰፈር ነው የማድረው» አልሽ። የእናቴ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ስለሆነች ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ አዴ ሙሚና፣ መደቧን ለቀቀችልሽ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ካርቶን ስቆርጥ ሰነበትኩ። የያንዳንዱን ቤት ሞዴል ከነመስኮቱ፣ ከነበሩ፣ ከነአሸንዳው ሠራሁ፤ ጣቶቼ በሙጫ ተላላጡ። አንቺ ደግሞ ከሁለቱ አሮጊቶች ጋር ድንች ስትልጪና ስታወሪ ትውያለሽ። አንድ ቀን ስመጣ እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ስትስቅ ከደጅ ሰማኋት። ስገባ ሳቋን ሰበሰበችና «ምሳ በልተሻል?» አለችኝ። እናቴ ለኔ ያላት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ምሳ በልተሻል፣ ሹራብ ለብሰሻል።

የመክፈቻው ቀን አዳራሹ ስገባ ሞዴሎቼን ግድግዳ ጥግ አስጠግተሽ፣ መሃሉን ባዶ አድርገሽ፣ ግንበኛ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት እንደሚያሰምረው ረድፉን በሙሉ ልኩ ወለሉ ላይ በኖራ አስምረሽዋል። ነግረሽኝ ነበር፤ እንዲህ ያምራል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ሰዉ ሞዴሎቼን በዓይኑ ዳበስ አድርጎ አለፈና ወደየኖራ ቤቱ ገባ። መስመሩን የረገጠ የለም፤ ሁሉም በበሩ ነው የገባው። የቤቶች ጉዳይ ኃላፊው አቶ ሀብተ ማርያም እንኳ ፋይላቸውን እንደታቀፉ ከእናቴ የኖራ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ግባ እንጂ ልጄ፣ በር ላይ አይቆምም» አለቻቸው እናቴ፣ በርጩማዋ ላይ ሆና።

ጎንበስ ብለው ገቡ። ጣሪያ የለ፣ ጉበን የለ፤ ጎንበስ ማለታቸውን ሲያውቁት ራሳቸውም ሳቁ። ከዚያ «እማማ፣ አዲሱ ቤት ከዚህ ይሰፋል፣ ውሃውም መጸዳጃውም ውስጥ ነው። የሚያሳስብዎ ምኑ ነው?» ብለው በትሕትና ጠየቋት።

እናቴ አጠገቧ ያለውን የኖራ መስመር በእጇ መታ መታ አደረገችው። ከመስመሩ ማዶ የተቀመጠችው አዴ ሙሚናም ወለሉን መታ መታ አድርጋ «ጂራ» አለች።

«አለሁ ማለቷ ነው» አለች እናቴ። «ጠዋት ጠዋት እንዲህ እንባባላለን። አምና ስኳሬ ወርዶ ራሴን የሳትኩ ጊዜ፣ ብትመታ ብትመታ መልስ ስታጣ፣ በሩን አስገንጥላ የደረሰችልኝ እሷ ናት። ሰፊ ቤት አልጠላሁም ልጄ። እዚያ ግድግዳውን ብመታው ግን ማን ይመልስልኛል?»

እኔ ለእንግዶቹ የማድለውን ውሃ እንደታቀፍኩ ወደ አንቺ ዞርኩ። ሁሉም ሲደነግጥ አንቺ አልደነገጥሽም። ታውቂ ነበር። አምና ማለት እኮ እኔ በየእሁዱ እቤቷ የምሄድበት ጊዜ ነው። እናቴ ሞት አፋፍ ደርሳ መመለሷን እኔ ልጇ ከእንግዳው ጋር እኩል ሰማሁት፤ አንቺ ግን ድንች ስትልጪ ሰምተሽዋል። ያን ሰዓት ጠላሁሽ፣ ሀሴት። አንቺን የመሰለ ጓደኛ እንዴት ይጠላል ብዬ ራሴን ብቆጣም አልለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ክርክሩ ጦፈ፤ አዴ ሙሚና በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ስትጨርስ፣ ኃላፊው ሲጽፉ፣ በመጨረሻም ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ዕጣቸው አንድ ላይ ይውጣ ተባለ። እልል ተባለልሽ፣ ተጨበጨበልሽ። ፎቶም ተነሳን። እኔ ዳር ስለነበርኩ የወጣው ክርኔ ብቻ ነው።

ያን ቀን እናቴን ወደ ቤቷ ስሸኛት መንገድ ላይ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንቺ ብትሰሚ ዕቃዬን ጭነሽ እቤትሽ ትወስጂኛለሽ» አለችኝ። «ሀሴት ምን ታደርገኛለች? ሰምታ ዝም ነው።»

እውነቷን ነው። ብሰማ ኖሮ በማግስቱ አይሱዙ አስቁሜ ነበር። እውነት መሆኑ ግን ቅናቴን አላቀለለልኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። በአንቺ ላይ የማሳብበው ነገር አጣሁ።

አሁን ወደጻፍኩልሽ ምክንያት ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አርቦዬ ከተማ የምትኖረው የአዴ ሙሚና ልጅ ወለደችና አዴ ሙሚና ልታርሳት ሄደች። እናቴን እኔ ጋ ሰንብቺ ብላት «ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም» አለች። እኔም ሳልነግራት የአዴ ሙሚናን ቁልፍ ተቀብዬ፣ አንቺ ስትተኚበት የነበረው መደብ ላይ ሄጄ አደርኩ። ብርዱን አትጠይቂኝ። ገና ሲነጋጋ ከራስጌዬ ግድግዳው ተመታ። ልማድ ሆኖባት ነው እንጂ ማንም እንደሌለ ታውቃለች። በጡጫዬ መለስኩላት።

ድምፅዋ በደስታ ተሞላ፤

«ሀሴት ነሽ እንዴ? መቼ መጣሽ ልጄ?»

ምን እንደተሰማኝ ልነግርሽ አልችልም። ዝም ብዬ ልውጣና ልሂድ ሁሉ ብዬ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ሐመልማል? ምን ልትሠሪ ነው እዚያ ያደርሽው?»

«ብትመቺ የሚመልስልሽ እንዳታጪ ብዬ።»

«ታዲያ ቀስ ብለሽ ምቺ፤ ምርጊቱን አረገፍሽው» አለችኝ። ቀጥላም ሳልጠይቃት ያን የወደቀችበትን ጠዋት ትነግረኝ ጀመር። ወለሉ እንዴት እንደቀዘቀዛት፣ የአዴ ሙሚናን ምት እየሰማች እጇ አልነሳ እንዳላት፣ የኔን ስም ጠርታ ድምፅ እንዳልወጣላት። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን አትነግረኝም ነበር፤ እኔም እንዲያ አላለቅስም ነበር። አንዴም ምሳ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነው የማድረው። አዴ ሙሚና ተመልሳ ቦታዋን እስክትረከበኝ ድረስ አልለቅም። አንቺም ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ብቅ በይ፤ እናቴ «ያቺ ልጅ አትመጣም ወይ?» እያለች አስቸግራኛለች። ይህን ባልጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጻፍኩት። መደቡ ለሁለት ይበቃናል። በግድግዳው በኩል የምተኛው ግን እኔ ነኝ።

ፎቶሽን ዛሬም ያልወደደችልሽ ጓደኛሽ፣
ሐመልማል
ከአዴ ሙሚና ቤት፣ አሰላ