የአውራ ጣት ሙቀት

ጥር 13 ቀን 1978

ውሃ መጣ። ሁለት ጄሪካን ሞላሁ። ከሰዓት በኋላ አሮጌ መጽሔት ሳነብ ዋልኩ። ሶቪየቶች ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር ልከዋል። እዚያ ሆኖ ቢበላሽ ማን ያርመዋል?

ጎረቤቴ ሻሼ በአጥሩ በኩል፣ «ዛሬም ንባብ? ዓይንሽ አልቆ እኔ ልመራሽ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ከሰው አልተነጋገርኩም።

ጥር 21

የፊዚክስ መምህሩ አምባዬ መጣ። በመጋቢት ጅራታም ኮከብ ይታያል፤ ለተማሪዎቹ ቴሌስኮፕ ሊሠራ ነው። «እትዬ አረጋሽ፣ የጋሽ ገሠሠ መስተዋት እርስዎ ጋ አለ አሉኝ።»

«አለ። መጀመሪያ ልፈትነው።»

«እርስዎ?» ሊስቅ ብሎ ተወው።

ጥር 22

ከሣጥኑ አወጣሁት። ባሌ ገሠሠ መነጽር ሠሪ ነበር፤ ይህን ግን ኮከብ ሊያይበት ለራሱ ነው የሞረደው።

መስኮቱን ጋረድኩ። ፋኖሱ ፊት በመርፌ የተበሳ ቆርቆሮ፣ ዓይኔ ሥር ምላጭ። ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን በምላጩ ሲቆረጥ የመስተዋቱ ጉብታና ጉድጓድ በጥላ ይታያል።

መሃሉ ላይ ጉድጓድ። እንደማውቀው...

የካቲት 2

ለማንም አልተናገርኩትም። እዚህ ልጻፈው።

በ1970 ሰዓት እላፊ ነበር። መስተዋቱ ካለቀ ገሠሠ ለኮከብ ብሎ ደጅ ሊያመሽ ነው። የቀበሌ ጥበቃዎች ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ራሱ ነው ያስተማረኝ፦ «ከፈተና በፊት አትንኪው። የጣት ሙቀት እንኳ ያሳብጠዋል።» እኔም ፈተና በሆነ ቁጥር ቀድሜ አውራ ጣቴን መሃሉ ላይ አሳርፋለሁ። የሌለ ጉብታ ያያል። ይሞርደዋል፤ ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ ጉድጓድ ይቀራል። ደግሞ ጉብታ ያያል...

«እጄ ከዳኝ፣ አረጉ» አለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ወባ ወሰደው።

የካቲት 5

ብናገር ለማን?

የካቲት 19

አምባዬ በምላጩ ብዙ ቆይቶ አየ።

«መሃሉ ጎድጉዷል... ግን ግድ የለም። ቱቦው ውስጥ የምትገባው ትንሿ መስተዋት ትጋርደዋለች። ዳር ዳሩ እንዴት ያለ ሥራ ነው! ጋሽ ገሠሠ መሃሉ ላይ ሲደርሱ ምን ነካቸው?»

ግድ የለም? ሰባት ዓመት...

«እሱን ምንም አልነካውም። እኔ ነኝ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

ምላጩን አስቀመጠ። «ለተማሪዎቹ ምን ልበል?» አለኝ።

«እጁ አልከዳውም በላቸው።»

መጋቢት 1

ነገ ይወስደዋል፤ እንዲያንጸባርቅ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ብር ይቀቡታል። ለመጨረሻ ጊዜ ብቻዬን ፈተንኩት። አውራ ጣቴን መሃሉ ላይ አሳርፌ እስከ መቶ ቆጠርኩ። አየሁ። ጉድጓዱ ሞልቷል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ግራጫ፤ ጉብታም ጉድጓድም የለም። ገሠሠ ሊያየው የደከመለት ይኼ ነበር... ከዚያ ብርጭቆው ቀዘቀዘ፤ ጥላው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

መስኮቱን ከፈትኩ። ሻሼ አጥሩ ጋ ናት። «በቀትር ዘግተሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ነይ ግቢ» አልኳት። «ላሳይሽ።»