ውሃ ያልያዘው ኩሬ፦ የአቶ ይታየው ወልደ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይታየው ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ጻድቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ በመንዝ፣ ከሞላሌ ፈንጠር ብላ በምትገኘው በዚህች መንደር በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በሞላሌ፣ ሁለተኛ ደረጃን በመሐል ሜዳ ተከታትለው በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሠለጠኑ።

ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጡበት 2011 ዓ.ም. ድረስ በመንዝ ቀበሌዎች በግብርና ባለሙያነት አገልግለዋል። አገልግለዋል እንበል እንጂ፣ የደከሙት እየሰማ የማይሰማ ሰው ለማሳመን ነው። ፊት ለፊት እሺ ይባላሉ፤ ዘወር ሲሉ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። አፈርን ሁሉ ጭቃ ብሎ የሚያልፍ ሰው ደማቸውን ያፈላው ነበር። ደለል እንደ ዱቄት ይልማል፤ ውሃ ግን ያሳልፋል። ዋልካ በክረምት ይጣበቃል፤ በጋ ሲመጣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሸክላ አፈር ግን አርጥበው በመዳፍ ሲያሹት እንደ ፈትል ይረዝማል፤ ተጠቅጥቆ ከተመረገ ውሃ አያሾልክም። ይህንን ሰርግ ቤት ሳይቀር እያሹ ያሳዩ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ወይዘሮ ጌታነሽን አገቡ። ወይዘሮ ጌታነሽ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ በመወለዳቸው፣ «ቡዳ ቤት ገባ» ብሎ ከሰርጉ የቀረው ዘመድ ብዙ ነው። ከቀሩት መካከል ዛሬ እዚህ የቆሙ አሉ። ባልና ሚስቱ ግን ተከባብረው ኖረው ስንታየሁን እና እስከዳርን አሳድገዋል።

በ2012 ዓ.ም. መንደሩ ኩሬ ሲቆፍር፣ አቶ ይታየው ሸክላ ሠሪዎቹ ከሚቆፍሩት ጉብታ በሚመጣ የሸክላ አፈር እንዲመረግ ለመኑ። ሕዝቡ «የቡዳ አፈር የነካውን ውሃ ልጆቻችን አይጠጡም» ብሎ እምቢ አለ። ውሃ የምትቀዱበት እንስራስ ከየትኛው አፈር ተሠራ ቢሉት ሳቀ እንጂ አልተመለሰም። ከወንዝ ዳር ደለል በደቦ አጓጉዞ መረገው። ኩሬው በክረምት ሞልቶ ኅዳር ሳይጋመስ ባዶ ሆነ። በዓመቱ በዋልካ ተመረገ፤ እሱም በበጋ ተሰነጣጠቀ። ከዚያ ወዲህ የአቶ ይታየው ንግግር ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ፤ ሴቶቻችንም ውሃ ለመቅዳት እስከ ወንዙ ቁልቁለቱን መውረዳቸውን ቀጠሉ።

አቶ ይታየው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ጠያቂውን የሚያነጋግሩት ስለ ኩሬው ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸው በጣም አዝነናል፤ ተናድደናልም።

አስከሬናቸውን ለማጠብ ውሃ ሲፈለግ ኩሬው ደረቅ ነበር። ለእሳቸውም ለለቀስተኛውም ውሃውን ከቁልቁለቱ ሥር አዝለው ያወጡት የወይዘሮ ጌታነሽ እህቶች ናቸው። ሁላችንም ጠጣን፤ ከማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አምላክ የአቶ ይታየውን ነፍስ በሕይወት ውሃ ዳር ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ፤ ለእኛም ለመንደርተኞቹ ልብ ይስጠን። አሜን።