ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ

ንፋስ መውጫ፣ ጥር 15 ቀን 1961 ዓ.ም.

ዛሬ ሞተር ሳይክሌ ቁልፉን ነቅዬበትም አልጠፋም። ለመንገድ የተሠራውን ይህን ባለ ሦስት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር ለአስመራው ውድድር ሳሰናዳው ነው የከረምሁት። መብራቱንና ማርሚታውን አውልቄ ቀለል አደረግሁት፤ ጉልበት እንዲጨምርም የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሞርጄ አሳሳሁት።

የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት በበቅሎ ሲያልፉ፣ ሞተሩ እየጮኸ ቁልፉን እጄ ላይ አዩት።

«ታዲያ ማን ነው የሚያስኬደው?» አሉኝ።

«አባ፣ ውስጡ ያለው ጥላሸት ሲግል ፍም ይሆናል። ቤንዚኑን የሚያነደው እሱ ነው» አልኋቸው።

«ቁም ሲሏት የማትቆም በቅሎ ጌታዋን የምትወስደው ወደ ራሷ አገር ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የቤንዚኑን ቧንቧ ዘጋሁበት። ከዚያም በኋላ ቆይቶ፣ ደስ ሲለው ጸጥ አለ።

ሲበርድ ጥላሸቱን ልፍቅ ቴስታታውን ፈታሁ። ጥላሸት የለም። እሳት የሚጭረው ካንዴላም ንጹሕ ነው። ፒስቶኑ እንደ መስተዋት ፊቴን አሳየኝ። ለአባ የነገርኋቸውን ፍም ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

መልሼ ገጠምሁት። ነገ ማለዳ ወደ ውድድሩ ስሄድ የዚህን ተራራ ቁልቁለት ሁሉ የምወርደው በእሱ ነው። ቁልፉን ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ ምን እንደሚያደርግልኝ እንጃ።