ባዶ ብልቃጥ ለሚበቃዎ ለሰፈራችን «ዶክተር»

አብነት ውስጥ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ላለው መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ነጭ ጋዎን ስለለበሱ ብቻ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ለሚልዎ፣ ለተከበሩ አቶ ደጉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ዓይንዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልቤ እለምናለሁ፤ ከታመመብዎ የሚገዙት ከራስዎ ሱቅ ነውና። ፈሪዳ እባላለሁ፤ ከጠመንጃ ያዥ ታክሲ ተራ ሚኒባስ ይነዳ የነበረው የረሻድ ባለቤት ነኝ። ባለቤቴን በደንብ ያውቁታል። ባዶ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፣ እርስዎ ሙሉውን ያወጡለታል፣ ከሰላምታ በቀር ቃል ሳትለዋወጡ ትለያያላችሁ። ማዘዣ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ቀጠሮ የለ። እንዲህ ያለ የተቀላጠፈ አገልግሎት በየትኛውም መሥሪያ ቤት ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለማያውቀን አንባቢም ነገሩን ላስረዳ። የታክሲ ሹፌር ከንጋት ጀምሮ አቧራና ጭስ ውስጥ ስለሚውል ዓይኑ ይቀላል። ዓይኑ የቀላ ሹፌር ደግሞ ለትራፊክ ፖሊሱ ሲቅም ያደረ፣ ለተሳፋሪው ሲጠጣ ያደረ ነው እንጂ ደክሞት ነው የሚል ሰው የለም። ስለዚህ የተራው ሹፌሮች አንድ ልማድ አወጡ። መኪናቸው ወረፋ እስኪደርሰው አንድ የዓይን ጠብታ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቀና ብሎ ጠብ ያደርግና ዓይኑን አንጽቶ መንገዱን ይይዛል። ስሙንም «ማጽጃ» ብለውታል። የብልቃጡ ጫፍ የስንቱን ሰው ሽፋሽፍት እንደነካ አላህ ይወቀው። ማጽጃ የተባለው ነገር ግን ስቴሮይድ ያለበት፣ የዓይን ብግነትን የሚያበርድ ብርቱ መድኃኒት ነበር። ይህን ከሹፌሮቹ መካከል የሚያውቅ አልነበረም፤ እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታ ማለቱ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ያልተናገሩትን በተመለከተ። ጠብታው ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የዓይንን ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ፣ ግፊቱም ምንም ሳያሳምም የዓይን ነርቭን እየጎዳ፣ እይታን ከዳር ጀምሮ የሚሰርቀውን ግላኮማ እንደሚያመጣ፣ የዓይን ሞራንም እንደሚያፋጥን፣ የዓይኑ መቅላት ከኢንፌክሽን የመጣ ከሆነ ደግሞ ቅላቱን ብቻ ደብቆ በሽታውን ሊያባብሰው እንደሚችል አንድም ቀን አልነገሩትም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ረሻድን ከመረመረችው የዓይን ሐኪም ነው። እሷ እንዳለችው መድኃኒቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከቀዶ ጥገና በኋላና በከባድ ብግነት ጊዜ ዓይን ያተርፋል። ነገር ግን ሐኪም ሲያዝ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ የዓይን ግፊት እየተለካ፣ አንዱ ብልቃጥ ለአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ነው፤ ከተከፈተም በኋላ ቢበዛ በወሩ ይጣላል። ብዙ ጊዜ የተጠቀመበትም ሰው ቢሆን በገዛ ፈቃዱ ድንገት ከማቋረጡ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት። ይህን ለመናገር የፈጀባት ጊዜ እርስዎ ብልቃጡን በፌስታል ከሚጠቀልሉበት እምብዛም አይበልጥም።

፪. ይህኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ትንሽ ቢጎድል ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ረሻድ በመጀመሪያ የመኪናውን ግራ ጎን ከአጥር ጋር አጋጨ፤ ጓደኞቹ አርጅተሃል ብለው ሳቁበት። ቆይቶ ደግሞ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ያለችውን እናቴን ልንጠይቅ ስንሄድ፣ አስፋልቱን ልንሻገር ቆምን። ልጃችን ሳሚያ እጇን እንዲይዛት ዘርግታ በግራው በኩል ቆማለች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሳሚያ የት ሄደች?» አለኝ። ልጅቷ የሚያጫውታት መስሏት ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

የግራ ዓይኑ ብርሃን አብዛኛው ሄዷል፤ በቀኙም ጀምሮታል። ሐኪሟ የሄደው እንደማይመለስ ሳትሸፋፍን ነገረችን፤ የቀረውን ማቆየት የሚቻለው በየዕለቱ የዓይን ግፊት የሚቀንስ ሌላ ጠብታ ሲያደርግ ብቻ ነው። ረሻድ የመኪናውን ቁልፍ ማንም ሳይጠይቀው ለባለንብረቱ መለሰ። አሁን ቤት ይውላል፤ ሳሚያም ስትጠራው በቀኙ በኩል ዞራ መምጣትን ለምዳለች። ተናድጃለሁ አቶ ደጉ። በጨዋ ቋንቋ የምጽፈው ንዴቴ ስለበረደ እንዳይመስልዎ።

፫. ይህን ግን እንደ ምስጋና ይቁጠሩልኝ። ግፊት የሚቀንሰውን ጠብታ ማዘዣ ይዤ ወደ እርስዎ ስመጣ መነጽርዎን አደረጉ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቀኑት፣ አገላበጡት፤ ከዚያም ማኅተሙ ደብዝዟልና አስቀይሪና ተመለሽ፣ ሕግ ሕግ ነው አሉኝ። ለሕግ ያለዎት ጥንቃቄ በእውነት አስደነቀኝ። ዓይን ያጠፋው መድኃኒት በባዶ ብልቃጥ ሲሰጥ ኖሮ፣ ዓይን የሚያተርፈው ጥርት ያለ ማኅተም ጠየቀ። ቆሜ እየለመንኩዎት ሳለ በከር የተባለው የረሻድ የተራ ጓደኛ ገብቶ አጠገቤ ባዶ ብልቃጥ አስቀመጠ። እርስዎም ዓይንዎን ከእኔ ማኅተም ላይ ሳያነሱ፣ እጅዎን ወደ ኋላ ሰድደው ከመደርደሪያው ሙሉውን አቀበሉት። ረሻድ ያን ዕለት ያለ መድኃኒት አደረ። በከርን ደጅ ላይ አስቁሜ የሆነውን ሁሉ ብነግረው፣ ረሻድ ዕድሉ ሆኖ ነው ብሎ ብልቃጡን ኪሱ ከተተ፤ ነገም ቀይ ዓይን ይዞ ትራፊክ ፊት መቆም እንደማይችል ነገረኝ። በእሱ አልፈርድም፤ እሱ ጋዎን አልለበሰም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን መነጽርዎን ለእኔ ማዘዣ እንዳደረጉት፣ ለበከርም ባዶ ብልቃጥ አንድ ጊዜ ያድርጉለት። የሐኪም ወረቀት ይጠይቁት፤ ከሌለው ወደ ዓይን ሐኪም ይላኩትና ግፊቱን ይለካ። ጠብታውን ከሌላ ሰው ጋር እንዳይጋራ በቃልዎ ይንገሩት። የእኔን ቃል አልሰማም፤ የእርስዎን ግን ይሰማል፤ «ዶክተር» ነዎትና።

ለሰጡን ፈጣን አገልግሎት፣ ለዝምታዎ፣ ለማኅተም ላለዎት ፍቅር ከነቤተሰቤ እያመሰገንኩ፣ በቀረን ዓይን ሁሉ በአክብሮት የምንመለከትዎ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ፈሪዳ፣ የረሻድ ባለቤት
ከልደታ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በመድኃኒት ቤትዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የመግቢያውን መሐል ስለያዝኩብዎ ይቅርታ፤ ደንበኞችዎ ከዳር ያለውን አያዩም ብዬ ነው።