ባዶ የፈቃድ ወረቀት ላይ ከመፈረሜ በፊት፦ ስለ እህቴ ልጅ ተረከዝ

ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ መጋቢት 9

ጉዳዩ፦ የእህቴ ልጅ የቆዳ ካንሰር በምን መንገድ ሊታከም እንደሚችልና ወጪው ምን ያህል እንደሆነ ከሐሙስ በፊት በግልጽ እንዲነገረን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በገበያው መንገድ ዳር ለሠላሳ አንድ ዓመት ታፔላ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የረገጥኩት የትምህርት ቤቱን ስም በሩ ላይ ልጽፍ ብቻ ነው። ፊደሉንም የተማርኩት ከአሮጌ ታፔላ እየገለበጥኩ ነው። አጻጻፌ ከሥርዓት የወጣበት ቦታ ቢኖር ከንቀት ሳይሆን ካለማወቅ ነውና ይታለፍልኝ።

1. ታማሚዋ የሟች እህቴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው። ሰው ከእኔ ጋር እንደምትሠራ ያስባል፤ እውነቱ ግን እኔ ነኝ ከእሷ ጋር የምሠራው። ደንበኛ ሲመጣ "ልጅቷ የለችም?" ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ትልቅ ታፔላ የሚጻፈው መሬት ላይ ተነጥፎ ስለሆነ፣ ጫማችንን አውልቀን ላዩ ላይ እየተራመድን ነው የምንሠራው። የሁለታችንም እግር ከቀለም ጠርቶ አያውቅም።

2. የዛሬ ዓመት ግድም በግራ ተረከዟ ሥር ጥቁር ነጥብ አየሁ። ቀለም መስሎኝ "ሌላው ሰው ቀለም ግድግዳ ላይ ይጨርሳል፣ አንቺ ተረከዝሽ ላይ" እያልኩ አሾፍኩባት። በቀለም ማቅጠኛ የነከርኩትን ጨርቅ የሰጠኋትም እኔው ነኝ። ስትፈትገው ከረመች። ነጥቡ ሰፋ እንጂ አልለቀቀም። ይህ ለጉዳዩ አስፈላጊ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

3. መድማት ሲጀምር ሦስት ክሊኒኮች ዞርን። የመጀመሪያው "ኪንታሮት ነው" ብሎ ላዩን ፍቆ ሸኘን። የፋቀውን ወደ ላቦራቶሪ አልላከም፤ ስንጠይቅ "ተጥሏል" አሉን። ሁለተኛው ናሙና ወስዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። ሐኪሙ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ማውጣት እንደሚያስፈልግ፣ ወደ ብሽሽቷ እጢ መዛመት አለመዛመቱም መታየት እንዳለበት ነገረኝ። ሦስተኛው ያንኑ ወረቀት አይቶ "እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ካልተቆረጠ ዋስትና አልሰጥም" አለ። በመድኃኒት ወይም በጨረር ይሆን እንደሆነ ስጠይቅ ሁለቱም "እሱ ሌላ ቦታ ነው" ይላሉ። ሌላው ቦታ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

4. የሁለተኛውን ክሊኒክ የዋጋ ሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥርስ ማስነቀል፣ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ሁሉም ፊት ለፊቱ ቁጥር አለው። በቆዳ ቀዶ ሕክምና ፊት ለፊት ግን "በምክክር" ብለህ ጻፍ ተብዬ ጽፌያለሁ። ያን ጊዜ ቃሉ አምሮኝ በቀይ አደረግሁት። አሁን እዚያው ሰሌዳ ሥር ቆሜ "ምክክሩ በየት በኩል ነው?" ስል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ "አባባ፣ መጀመሪያ ትተኛ፣ ከዚያ ይታወቃል" ትለኛለች።

5. እዚያው ሁለተኛው ክሊኒክ ለሐሙስ ጠዋት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጥተውናል። የሰጡኝ የፈቃድ ወረቀት "የሚደረገው ሕክምና" የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ "ወጪ" የሚለውም ባዶ ነው። "እርስዎ ይፈርሙ፣ እኛ እንሞላዋለን" ተብያለሁ። ተረከዟን ይሁን እግሯን እንደምፈርም ሳላውቅ እንዴት ልፈርም? ካልፈረምኩ ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል፤ ይህ በሽታ ቀጠሮ እንደማይጠብቅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክሊኒክ የተስማሙበት አንድ ነገር ነው።

6. የራሴንም ጥፋት ልናገር። ሐኪሞቹ ውጤቱን የነገሩኝ እሷን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ነው። ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚ አይነገርም በሚለው ልማዳችን እኔም ተስማማሁ። ስወጣ "ቁስል ነው፣ ትንሽ ቆርጠው ይሰፉታል" አልኳት። አሥራ ስምንት ቀን ይህንኑ ደጋገምኩ። በዕድሜዬ በቀልድ የዋሸሁት ተቆጥሮ አያልቅም፤ እንዲህ ያለ ግን ዋሽቼ አላውቅም። የዚህን አቤቱታ ረቂቅ ከቆርቆሮ ሥር ደብቄው ሳለ ትናንት አገኘችው። አንብባ ጨረሰችው። ከዚያ "ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ እንዲህ ተጨማዶ ቢሮ አይገባም" አለችና ብዕሩን ከእጄ ወሰደች። አሁን የሚያነቡት የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፦

ሀ. ከመንግሥት ሆስፒታል አንድ የቆዳ ሐኪም ውጤቱን አይቶ፣ ያሉትን አማራጮች፣ እያንዳንዱ የሚያድነውንና የሚያሳጣውን በምንረዳው ቋንቋ እንዲነግረን፤

ለ. ክሊኒኩ ከምርመራው እስከ ክትትሉ ያለውን ወጪ ከፊርማ በፊት በጽሑፍ እንዲሰጠን እንዲያዙልን፤ መክፈል እንደማልችል ከታወቀም ወዴት እንደምንሄድ በደብዳቤ እንዲመሩን፤

ሐ. ይህ እስኪሆን የሐሙሱ ቀጠሮ እንዳይሰረዝብን፤ ጉዳዩ አንድ ቀን ቢዘገይ ጉዳት ይኖረው እንደሆነም እንዲነገረን ነው።

ነገና ከነገ ወዲያ ከቢሮዎ በር ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ባለጉዳይ በዝቶ ቢያዩ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ የተቀመጠችው እሷ ናት።

ከአክብሮትና ከልመና ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የታማሚዋ አጎት፣ ታፔላ ጸሐፊው

ከፊርማው በታች ይህን የጨመርኩት እኔ ታማሚዋ ነኝ። አጎቴ ያለኝን ሁሉ እንዳለ ገልብጫለሁ፤ ስለ ቀለም ማቅጠኛው ያለው እንዲወጣ ብለምነውም እምቢ አለ። የእኔ ልመና አንድ ነው። ሐኪሙ ሲናገር እኔም ክፍሉ ውስጥ ልሁን፤ ወረቀቱም ላይ የምፈርመው እኔ ልሁን። እሱንም ኮሪደር ላይ ብቻውን አታስቀምጡብኝ፤ አብሮኝ ይግባ።
(ፊርማ)