ሳምቡሳ የሚጠብቀው ዳይሬክተር

አምቦ፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ አቢጊያ፣

እንዴት ነሽልኝ? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ማንጎው ደርሶ ከሆነ ብቻሽን አትጨርሺው፤ ወንድም አለሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ አጥሩም እንደዘመመ ቆሟል። ስለ አራተኛው የቤተሰባችን አባል ቀስ ብለሽ ታነቢያለሽ። ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታዪ። መጨረሻው ላይ ስለ ጤፍ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ዘሩባቤል ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ እዚያ ላሉ ጓደኞችሽ እንደምታወሪ አውቃለሁ። አውሪ። በስልክ ልነግርሽ ስል እማዬ ገና «ዳይሬክተር» ከማለቴ ስልኩን ትቀማኝና «በልተሻል ወይ፣ ከስተሻል ወይ» እያለች ካርዱን ትጨርሰዋለች። ደግሞ አንቺ በአፌ የምነግርሽን ነገር ግማሹን ትጥዪዋለሽ። በወረቀት ስጽፍ ግን ፊቴን ስለማታዪው ታምኚኝ ይሆናል።

ቡችላውን ከገበያ በጃኬቴ ውስጥ ደብቄ ያመጣሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ? «ስሙ ማን ይሁን?» ስትዪኝ ሳላመነታ «ዳይሬክተር» አልኩሽ። ከዘጠነኛ ክፍል ያባረሩኝ ዳይሬክተር ሲቆጡ ጆሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሱም ይንቀሳቀሳል። እማዬ «የሰው ክብር አይደለም ወይ» ብላ ተቆጣች። በማግስቱ ግን ጠዋት በር ላይ ቆማ «ዳይሬክተር፣ ከዚያ ልብስ ላይ ውረድ» ስትል ሰማናት። ያን ቀን ሆዴን ይዤ በሳቅ ወደቅኩ። ስሙን ትጥራ እንጂ ነክታው አታውቅም። ውሻ ነክቶ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለሷ የማይታሰብ ነው።

ባለፈው ዓመት ሲታመምም አንቺ እዚሁ ነበርሽ። ሽንቱ ሲጠቁር «ጠላ ቤት ገብቶ ነው» ብዬ ስስቅ አንቺ አልሳቅሽም። ከንፈሩን ገልጠሽ ድዱን አየሽ፣ ከዚያ ዓይኑን፣ ከዚያ እኔን። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ቀነዓ ከጉደር መጥቶ ደሙን ሲወስድ አብረሽው ሄደሽ በማይክሮስኮፕ አየሽው። ስትመለሺ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ አስረዳሽኝ። ገላው ውስጥ ያሉት ወታደሮች ተሳስተዋል፣ የገዛ ቀይ ደሙን ጠላት ነው ብለው እየበሉት ነው አልሽኝ።

«በይኛ የገዛ ተማሪዎቹን እያባረረ ነው» አልኩሽ።

ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ሳቅሽ። ያችን ሳቅ አልረሳትም።

ያኔ ዳነ። ያዳንሽው አንቺ ነሽ። ወደ አሶሳ ስትቀየሪ ክኒኑን በእጄ ላይ አስቀምጠሽ መዳፌን ዘጋሽው። «በየቀኑ፣ ከምግብ ጋር። መቀነስም ማቆምም የዶክተሩ ሥራ ነው። ዘሩ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» አልሽኝ። ቀልድ አላደረግኩትም። ሥጋ ውስጥ እደብቅለታለሁ፣ ሥጋ ከጠፋ ቅቤ እቀባዋለሁ፣ እሱም ይውጣል። እንደዚያ እያልን እስከ ቅበላ ደረስን።

ከቅበላ በኋላ የኛን ቤት ታውቂዋለሽ። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የነካ ማንኪያ እንኳን ይታሰራል። ስለዚህ ክኒኑን በሽሮ ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ በለውዝ ቅቤም ለውሼ ሰጠሁት። ዓይን ዓይኔን እያየ ላሰው፣ ዋጠው፣ ጭራውንም ቆላልኝ። እኔም «ጎበዝ፣ ጾመኛ» ብዬ አመሰገንኩት።

የኩምሳን ባጃጅ እንዴት እንደሚጠላት ታውቂያለሽ። በበራችን ስታልፍ እስከ አስፋልቱ ሳያባርራት ቁርስ አይበላም። መጋቢት እንደገባ አንድ ጠዋት ባጃጇ መጣች፣ እሱ ተኝቶ ዓይኑን ብቻ አነሳ። አለፈች። ኩምሳ ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ።

«ዘሩ፣ ውሻህ ምን ሆኖ ነው? ጥሩምባ ሁሉ ነፋሁለት እኮ።»

ደረጃውን ወርጄ የዳይሬክተርን ከንፈር ገለጥኩ። እንዳስተማርሽኝ ድዱን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ስጫነውም ነጭ፣ ስለቅቀውም ነጭ።

ውሃ ልቀዳለት በርሜሉን ሳዘነብል ከኋላው ምን እንዳየሁ ልንገርሽ? ክኒኖቹን። ለውዙ ተልሶላቸው፣ ሽሮው ተበልቶላቸው፣ እነሱ ብቻ እዚያ ተተፍተው። አቢ፣ እኔን ሸወደኝ። በዚህ ሰፈር ያልሸወድኩት ሰው የለም፤ እኔን ግን አንድ ውሻ ለሳምንታት ዓይኔን እያየ ሸወደኝ። እየፈራሁ እንኳን ትንሽ ኮራሁበት። ማን ነው ያሳደገው?

ዶክተር ቀነዓ መጣ። «አካም፣ ዘሩ» ብሎኝ ጎንበስ አለና ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

«ተመልሶበታል» አለኝ። «ሲመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ዛሬ መርፌ ወግቼዋለሁ፤ በየቀኑ ከጉደር መምጣት ግን አልችልም። ክኒኑን ጨምሬለታለሁ፣ መዋጥ አለበት።»

«አፉን ፈልቅቄ ልጨምርበት?»

«እንዳታደርገው። የሚታገልበት ትንፋሽ የለውም። ፈልጎ ይዋጠው። ሽንኩርት ያለበት ነገር ደግሞ እንዳታቀምሰው፤ ለሱ መርዝ ነው፣ የቀረችውን ደም ይጨርስበታል።»

ያን ቀን ደወልኩልሽ። ያልሽኝን ታስታውሻለሽ። «ዘሩ፣ ይበቃዋል። ዶክተሩ ያሳርፈው። አታሰቃየው» አልሽኝ። አልፈርድብሽም፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ደሙንም በዓይንሽ ያየሽው ነሽ። «እስከ ሳምንት ስጪኝ» ስልሽ ግን ምን አልሽ? «አንተ ክኒን በሰዓቱ የምትሰጥ ሰው ነህ?» አልሽኝ። ይሄ ደብዳቤ መልሱ ነው።

በመጀመሪያ እማዬ ጋ ሄድኩ።

«እማዬ፣ ትንሽ ሥጋ…»

«በሁዳዴ?»

«ለውሻው እኮ ነው።»

«ውሻውስ የማን ቤት ውሻ ነው?»

ብትፈቅድልኝስ ሥጋ ከየት ይመጣል? የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በሙሉ ለጾሙ ዘግቷል። የቀረው የጋሽ ሙሂዲን ነው። የጋሽ ሙሂዲን ሥጋ እንኳን በሁዳዴ በፋሲካም ከእማዬ ደጃፍ አይገባም፤ የኛም እነሱ ቤት እንደማይገባው። ደግሞ ዘንድሮ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ተያይዞ ገባ። ከተማው ግማሹ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ ግማሹ እስከ ፋሲካ ይጾማል። ሥጋ መብላት የሚፈቀድለት ፍጡር ዳይሬክተር ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ መነሳት አቃተው።

ሲመሽ በጆንያ ጠቅልዬ አቅፌ አወጣሁት። ኩምሳ ሳልጠራው መጣ። ሁልጊዜ የሚያባርራት ባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው፤ ኩምሳም ጃኬቱን አውልቆ ከውሻው ራስ ስር አደረገለት።

ጋሽ ሙሂዲን በሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። የድመቱ አንገት ላይ ቃጭል ካሰርኩበት ጊዜ ጀምሮ ሲያየኝ እጄን እጄን ነው የሚያየው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልታስር መጣህ?» አለኝ።

«ጋሽ ሙሂዲን፣ ዛሬ ለቁም ነገር ነው የመጣሁት።»

«እሱን ነው የምፈራው።»

ነገርኩት። ክኒኑን፣ ደሙን፣ ጾሙን፣ ሁሉንም። ፊቴ ላይ ሳቅ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሳቁ አልመጣም። ኩምሳ ከባጃጁ አንገቱን አወጣና «ጋሼ፣ የምሩን ነው። ይሄ ውሻ አይቶኝ ዝም ብሏል» አለው። ለኔ ምስክር የቆመልኝ ሰው ስትቆጥሪ ኩምሳ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ሙሂዲን ወደ ባጃጁ መጥቶ ራቅ ብሎ አየው። «እኔ ልነካው አልችልም» አለ። «ምራቁ ከነካኝ መታጠቡ ብዙ ነው፣ ሶላት ደርሷል። ግን አትንካው ነው እንጂ አታብላው አልተባልኩም።» ዞር ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ። «ቀድሪያ፣ ለሳምቡሳው የቀቀልሽው ሥጋ ሽንኩርት ገብቶበታል?»

«ገና ነው» አለች ሚስቱ።

«እንግዲያው መጀመሪያ አንድ ለበሽተኛ ጠቅልዪ።»

እትዬ ቀድሪያ ሥጋውን ብቻ በሊጥ ጠቅልላ ጠበሰችው። እስኪበርድ በካርቶን ላይ ይዤ ቆምኩ፣ ክኒኑን በጎኑ ወሸቅኩት። አዛን አለ። ጋሽ ሙሂዲን ተምር ወደ አፉ ሲወስድ እኔ ካርቶኑን ወደ ዳይሬክተር አፍንጫ አስጠጋሁ። አሸተተ። ዓይኔን አየኝ፣ ያው እንደለመደው። ከዚያ ሳምቡሳውን እንዳለ ዋጠው። አላኘከውም። የሚተፋበት ጊዜ እንኳን ለራሱ አልሰጠም።

እኔ አላመንኩትም። በስልኬ መብራት የባጃጁን ወለል፣ የኩምሳን ጃኬት፣ አፈሩን ሁሉ ፈለግኩ። ክኒን የለም። ጋሽ ሙሂዲን ከበሩ ላይ ሲያየኝ ቆይቶ «አሁን ደግሞ የኔን ተምር ፍሬ እንዳትፈትሽ» አለኝ።

በማግስቱም ሄድን፣ በማግስቱም። እትዬ ቀድሪያ የሱን ሳምቡሳ ከሌላው እንዳይቀላቀል ጫፏን ወደ ውስጥ ታጥፍለት ጀመር። አንድ ቀን ገና አዛን ሳይል ከባጃጁ በራሱ እግር ወረደና ጭራውን አጥፎ በሩ ፊት ቁጭ አለ። ኩምሳ ሳቀ። «ዘሩ፣ ውሻህ ሰልሟል» አለኝ። ጋሽ ሙሂዲን ከውስጥ «እኔ የለሁበትም፣ ከሳምቡሳው ጋር ተነጋገሩ» አለ። ውሃ ግን አይጠግብም፤ ክኒኑ ያስጠማዋል። አምቦ ውሃ ቀምሶ ጋዙ ሲያስነጥሰው ብታዪ። የአምቦ ልጅ መሆኑን ያን ቀን ተጠራጠርኩ።

እማዬስ ትዪኛለሽ። የት እንደምሄድ አልነገርኳትም፣ ግን አምቦ ውስጥ ምን ይደበቃል? ማታ ስመለስ ነጠላዋን አጣፍታ የግቢው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ የማመልጥበትን ሳስብ፣

«ዋጠ?» አለችኝ።

«ማን?»

«አንተ መቼ ነው ሰው የምትሆነው? ዋጠ ወይ?»

«ዋጠ።»

ወደ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ማታ እዚያው ትቆማለች፣ ሁልጊዜ ያቺኑ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ልወጣ ስል ትኩስ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ለነቀድሪያ ማፍጠሪያ ይሁናቸው። ባዶ እጅህን አትመላለስ» አለች። ሥጋችን ባይገባም ዳቦው እነሱ ቤት ይገባል፣ ዳቦ ጾምም ሃይማኖትም አይለይም። እትዬ ቀድሪያ ስትቀበለኝ «ለእናትህ ገለቶማ በልልኝ» አለችኝ። ከወራቤ መጥታ በኦሮምኛ ታመሰግናለች፣ እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ሆናለች።

ዶክተር ቀነዓ ተመልሶ መጥቶ ደሙን ወሰደ። ከጉደር ሲደውል ድምፁን ሰምቼ ገባኝ።

«ደሙ ጨምሯል፣ በደንብ ጨምሯል። ማነው ያስዋጠው?»

«እኔ ነኛ።»

«በምን?»

«በሳምቡሳ።»

ሳቁ መጣ። «ጀባዱ፣ ዘሩ» አለኝ፣ በርታ ማለቱ ነው። የተማረ ሰው ለኔ በርታ ብሎኝ አያውቅም፤ ውጣ ነው የሚሉኝ። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ አልዳነም። ክኒኑ ለወራት ቀስ እያለ ይቀነሳል፣ ወታደሮቹም አንድ ቀን እንደገና ሊሳሳቱ ይችላሉ ብሏል። ይሳሳቱ። መንገዱን እናውቀዋለን፤ በኩምሳ ባጃጅ ነው፣ እስከ ጋሽ ሙሂዲን በር። ረመዳን አልቆ ሱቁ ቀን ሲከፈት እንኳን ዳይሬክተር በቀን አይሄድም። አዛን ሲሰማ ይነሳል፣ ከኔ ቀድሞ በሩ ላይ ይደርሳል። እኔ በሰዓቱ የማልሰጥ ሰው ብሆን እንኳን እሱ በሰዓቱ የሚያስነሳኝ ሆኗል።

አቢ፣ በሕይወቴ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር ይዤ አላውቅም። አሁን ግን በሰፈሩ ሳልፍ ሰው «ዘሩ ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ በሩን አይዘጋም። «ዳይሬክተር እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ድዱ ቀይ ነው» እላለሁ።

ስለ ጤፍ የምጽፈው የለኝም። ያንን ያልኩሽ ዘለሽ እንዳታነቢ ነው። መጨረሻው ይኸውልሽ።

ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ ወጥታለች። ነጠላዋ ነጭ ነው፣ እጇ ታጥቧል። የሄደች መስሎኝ በመስኮት ሳይ ከዳይሬክተር አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበችና በአንድ እጇ ከንፈሩን ገለጠች። በሌላው አውራ ጣት ድዱን ጫን አደረገች፣ ለቀቀች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች። ማን እንዳሳያት አላውቅም፤ እኔን ስታየኝ ከርማ ይሆናል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያስነካታል።

ስትነሳ አየችኝ።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችኝ። «ቀይ ነው።»

ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን እንደገና ታጠበች።

ለፋሲካ ነይ። ማታ አብረን እንሄዳለን፣ ጫፏ የታጠፈችውን ሳምቡሳ አንቺ ራስሽ ትሰጪዋለሽ። ዋጠ አልዋጠ የምትጠይቅሽ ሴት በር ላይ ትጠብቅሻለች።

ክኒን በሰዓቱ የሚሰጠው ወንድምሽ፣
ዘሩባቤል